የጃቫ ፕሮግራምን ከነሪሶርሱና ከነላይብረሪዎቹ በጃር ማሸግ፦ በሜቨን ደረጃ በደረጃ

ጃቫ የሚጽፉ ሰዎች ደጋግመው የሚያቀርቡልኝ ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው፦ «ፕሮግራሜ በኢንቴሊጄ ውስጥ ሳስነሣው ምንም እንከን የለበትም፤ ጃር አድርጌ ለደንበኛ ስሰጠው ግን ወይ አይከፈትም፣ ወይ ፎንቱና ምስሉ ይጠፋል፣ ወይ ዳታቤዙን አላገኘሁም ይላል።» ምክንያቱ በአብዛኛው ተመሳሳይ ነው። ኢንቴሊጄም ሆነ ኤክሊፕስ (ኮድ የሚጻፍባቸው መሣሪያዎች) ፕሮግራሙን በሚያስነሣበት ጊዜ የፕሮጀክቱን ፎልደሮችና የወረዱትን ላይብረሪዎች በሙሉ ከዲስክ ላይ ራሱ እየለቀመ ያቀርብለታል፤ ጃሩ (የፕሮግራሙ ፋይሎች በአንድነት የታሸጉበት ፋይል) ወደ ሌላ ኮምፒውተር ሲሄድ ግን አብሮት የሚሄደው በውስጡ የታሸገው ወይም አጠገቡ የተቀመጠው ብቻ ነው። ስለዚህ ፕሮግራሙ የሚያስፈልገውን ሁሉ ለማሸጊያው መሣሪያ በግልጽ ማስታወቅ፣ ከዚያም የታሸገውን ከፍቶ ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

መመሪያው የተዘጋጀው በሜቨን (ኮዱን ገንብቶ በሚያሽግ መሣሪያ) ለሚሠሩ ሰዎች ሲሆን፣ ተመሳሳይ መሣሪያ የሆነውን ግሬድል የሚጠቀሙ አንባቢዎች ወደ መጨረሻው አካባቢ የሚመለከታቸውን ያገኛሉ። በምሳሌነት የምንይዘው በአማርኛ ደረሰኝ እያዘጋጀ ወደ ፒዲኤፍ የሚለውጥ የዴስክቶፕ ፕሮግራም ነው። ፕሮግራሙ አቢሲኒካ ኤስአይኤል የተባለውን ፎንት፣ የድርጅቱን አርማ የያዘ ምስልና የአማርኛ መልእክቶች ፋይል ይጠቀማል። ከላይብረሪዎች ደግሞ ፒዲኤፍ ለማዘጋጀት ፒዲኤፍቦክስን፣ ከዋናው ዳታቤዝ ጋር ለመገናኘት የፖስትግሬስኪውኤልን ድራይቨር፣ ኔትወርክ በሚቋረጥበት ጊዜ በዚያው ኮምፒውተር ላይ ለመመዝገብ የኤስኪውላይትን ድራይቨር ይፈልጋል።

የፋይሎች፣ የትእዛዞችና የማዋቀሪያ ምልክቶች ስም እዚህ የተጻፈው እንደሚነበበው ነው፤ ሲተይቡ በእንግሊዝኛ ፊደል ይተይቡ። የፎልደርና የአብዛኞቹ ትእዛዞች ስሞች በትንንሽ ፊደላት ይጻፋሉ፤ በጃሩ ውስጥ ያለው የ«ሜታ-ኢንፍ» ፎልደርና በውስጡ ያለው የማኒፌስት ፋይል (ጃሩ ከየት እንደሚጀምር ለጃቫ የሚነግረው) ስም ግን በትልልቅ ፊደላት ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ጄዲኬ 17 ወይም 21። ፕሮግራም ለማስነሣት ብቻ የሚያገለግለው ጄአርኢ አይበቃም፤ ኮምፓይለሩና «ጃር» የተባለው ትእዛዝ የሚገኙት በጄዲኬ ውስጥ ነው።
- ሜቨን 3.9። በተርሚናል «ኤምቪኤን -ቪ» ብለው ሲጠይቁት የራሱን ቁጥር ብቻ ሳይሆን የትኛውን ጃቫ እየተጠቀመ እንደሆነም ይነግርዎታል። ይህ በኢንቴሊጄ ውስጥ ከመረጡት ጃቫ የተለየ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ስለሆነ አስቀድመው ይመልከቱት።
- ለመጀመሪያው ግንባታ የሚበቃ ኢንተርኔት። ሜቨን ላይብረሪዎቹንም ሆነ የራሱን ፕለጊኖች (ተጨማሪ ሥራ የሚሠሩለትን ክፍሎች) ከሜቨን ሴንትራል፣ ማለትም ከላይብረሪዎች የኢንተርኔት ማከማቻ፣ አውርዶ በመነሻ ፎልደርዎ ሥር ባለው «.ኤም2» ውስጥ ያከማቻቸዋል። አንድ ጊዜ ሙሉውን ግንባታ ከፈጸሙ በኋላ በትእዛዙ ላይ «-ኦ» ጨምረው ያለ ኢንተርኔት መገንባት ይችላሉ።
- በዋናው ፎልደሩ ውስጥ «ፖም.ኤክስኤምኤል» (የሜቨን ማዋቀሪያ ፋይል፤ ከዚህ በኋላ «ፖም») ያለው ፕሮጀክት።
- ሁለተኛ ኮምፒውተር፤ ካልተገኘ ከፕሮጀክቱ ውጭ የሆነ ባዶ ፎልደር።

ደረጃዎች

1. ፋይሎቹን ሜቨን በሚፈልጋቸው ቦታ ያስቀምጡ።

ኮዱ «ኤስአርሲ/ሜይን/ጃቫ» ውስጥ፣ ፎንቱ፣ ምስሉና የመልእክት ፋይሉ ደግሞ «ኤስአርሲ/ሜይን/ሪሶርስስ» ውስጥ ይቀመጡ። ለሙከራ ብቻ የሚያገለግሉ ፋይሎች ቦታቸው «ኤስአርሲ/ቴስት/ሪሶርስስ» ሲሆን ወደ ጃሩ አይገቡም። ይህ ደረጃ አስፈላጊ የሚሆነው ሜቨን ከጃቫው ኮድ ፎልደር ውስጥ የሚወስደው የኮድ ፋይሎችን ብቻ ስለሆነ ነው፤ ምስልን ከክላሱ አጠገብ ቢያስቀምጡ ምንም ማስጠንቀቂያ ሳይሰጥ ትቶት ያልፋል። በአንጻሩ በሪሶርስስ ፎልደር ውስጥ ያለው ሁሉ ከነንዑስ ፎልደሩ ወደ «ታርጌት/ክላስስ» ይገለበጣል፣ ከዚያም ወደ ጃሩ ይገባል። «ሪሶርስስ» የሚለው ስም ራሱ ግን በጃሩ ውስጥ አይኖርም፤ «ሪሶርስስ/ፎንት/አቢሲኒካ.ቲቲኤፍ» የነበረው በጃሩ ውስጥ «ፎንት/አቢሲኒካ.ቲቲኤፍ» ይሆናል።

ማስጠንቀቂያ፦ የዳታቤዝ የይለፍ ቃል ያለበትን ፋይል በዚህ ፎልደር ውስጥ አያስቀምጡ። ጃር በአሠራሩ የዚፕ ፋይል ስለሆነ ማንኛውም ሰው በተለመደው የዚፕ መክፈቻ ገልጦ ሊያነበው ይችላል። እንዲህ ያለው ፋይል ከጃሩ ውጭ ሆኖ ፕሮግራሙ ሲነሣ መገኛው ሊነገረው ይገባል።

2. ሪሶርሱን ከዲስክ ሳይሆን ከክላስፓዝ (ጃቫ ክላሶችንና ሪሶርሶችን ከሚፈልግባቸው ቦታዎች) ያንብቡ።

በኮድዎ ውስጥ «ኤስአርሲ/ሜይን/ሪሶርስስ» በሚል የሚጀምር አድራሻ ካለ ዛሬውኑ ያስወግዱት። ያ አድራሻ የሚሠራው ፕሮግራሙ ከፕሮጀክቱ ፎልደር ውስጥ እስከተነሣ ድረስ ብቻ ነው። በጃር ውስጥ ያለ ነገር ራሱን የቻለ የዲስክ ፋይል አይደለም፤ ስለዚህ «ፋይል» በተባለው የጃቫ ክላስ ሊከፈት አይችልም። ትክክለኛው መንገድ «ጌት ሪሶርስ አዝ ስትሪም» የተባለውን ሜተድ ጠርቶ ይዘቱን በኢንፑት ስትሪም መቀበል ነው። ፎንት የሚጭነው የጃቫ ሜተድም ሆነ የፒዲኤፍቦክስ ፎንት መጫኛ ኢንፑት ስትሪም ይቀበላሉ፤ ስለዚህ ፋይል የግድ የሚያስፈልግበት ሁኔታ ከሚታሰበው በታች ነው።

እዚህ ላይ ሰዎችን የሚያሳስቱ ሦስት ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው በአድራሻው መነሻ ላይ ያለው እዝባር ነው። ሜተዱን ከክላስ ላይ ሲጠሩት በእዝባር የጀመረ አድራሻ ከጃሩ ሥር ይፈለጋል፣ ያለ እዝባር የጀመረው ደግሞ ክላሱ ካለበት ፓኬጅ ውስጥ ይፈለጋል፤ ከክላስ ሎደር ላይ ሲጠሩት ግን እዝባር ከቶ አይጨመርም። ሁለተኛው የፊደል መጠን ነው። ዊንዶውስ በዲስክ ላይ ትልቁንና ትንሹን ፊደል ስለማይለይ «ሎጎ» በትልቅ ፊደል ጀምሮ ቢጻፍም ባይጻፍም ፋይሉን ያገኘዋል፤ በጃር ውስጥ ግን ሁለቱ የተለያዩ ስሞች ናቸው። ሦስተኛው ፎልደርን ከፎልደር የሚለየው ምልክት ነው፤ በዊንዶውስ ላይም ቢሆን በጃር ውስጥ የሚሠራው ወደ ፊት ያዘነበለው እዝባር ብቻ ነው።

በጃር ውስጥ የገባ ነገር ለፕሮግራሙ የሚነበብ እንጂ የሚጻፍበት አይደለም። ባዶውን የኤስኪውላይት ዳታቤዝ በሪሶርስነት ካሸጉ፣ ፕሮግራሙ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነሣ ወደ ተጠቃሚው ፎልደር ገልብጦ ከዚያ በኋላ ቅጂውን እንዲጠቀም ያድርጉ።

3. የአማርኛው ጽሑፍ በዩቲኤፍ-8 መሆኑን በግልጽ ያስታውቁ።

በፖሙ «ፕሮፐርቲስ» ክፍል ውስጥ «ፕሮጀክት.ቢልድ.ሶርስ ኢንኮዲንግ» የሚለውን ዩቲኤፍ-8 ያድርጉት። ይህ ካልተነገረው ሜቨን የሚሠራበትን ኮምፒውተር ልማድ ይከተላል፤ በሊኑክስ የተገነባው ጃር አማርኛውን በትክክል እያሳየ በዊንዶውስ የተገነባው የጥያቄ ምልክት ሊደረድር የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህ የሚጠብቀው ግን ግንባታውን ብቻ ነው፤ ንባቡ ለብቻው ጥንቃቄ ይፈልጋል። «ሪሶርስ ባንድል» የተባለው ክላስ የፕሮፐርቲስ ፋይሎችን በዩቲኤፍ-8 ማንበብ የጀመረው ከጃቫ 9 ወዲህ ነው። «ፕሮፐርቲስ» የተባለውን ክላስ በቀጥታ ተጠቅመው «ሎድ» የሚለውን ሜተድ በኢንፑት ስትሪም ከጠሩት ግን በአዲሱ ጃቫም ቢሆን የሚያነበው በአይኤስኦ 8859-1 ስለሆነ የአማርኛው ፊደል ተበላሽቶ ይወጣል። ስለዚህ ስትሪሙን መጀመሪያ ዩቲኤፍ-8 በተነገረው «ኢንፑት ስትሪም ሪደር» ውስጥ አስገብተው ለ«ሎድ» ሪደሩን ይስጡት። ሌሎች የጽሑፍ ፋይሎችንም ሲያነቡ ኢንኮዲንጉን ሁልጊዜ በስም ይጥቀሱ፤ ጃቫ ዩቲኤፍ-8ን በሁሉም ኮምፒውተር ላይ የራሱ ልማድ ያደረገው ከጃቫ 18 ጀምሮ ሲሆን ደንበኛዎ ጃቫ 17 ሊኖረው ይችላል።

4. ፊልተሪንግ የሚያስፈልገው ካለ ለብቻው ይለዩት።

ፊልተሪንግ ማለት ሜቨን በሪሶርስ ፋይል ውስጥ ምልክት ያደረጉበትን ቦታ በፖሙ ባለው እሴት እንዲተካ ማድረግ ነው፤ ለምሳሌ የፕሮግራሙን የእትም ቁጥር በ«ስለ ፕሮግራሙ» መስኮት ላይ ለማሳየት ይጠቅማል። ችግሩ ሜቨን ይህን የሚያደርገው ፋይሉን እንደ ጽሑፍ አንብቦ መልሶ በመጻፍ መሆኑ ነው። ፒኤንጂና ጄፔግን የመሰሉ የተለመዱ የምስል ዓይነቶችን ራሱ ያልፋቸዋል፤ ፎንትን ግን አያልፍም። አቢሲኒካን የያዘው ፎልደር ላይ ፊልተሪንግ ከተፈቀደ የፎንቱ ይዘት ይበላሻል፤ ግንባታው ያለ ስሕተት ይጠናቀቅና ፕሮግራሙ ፎንቱን ሲጭን ይወድቃል።

መፍትሔው የሚለወጡትን ፋይሎች «ሪሶርስስ-ፊልተርድ» በሚል ወይም በሌላ ስም ለብቻቸው በተለየ ፎልደር ማስቀመጥና በፖሙ ውስጥ ሁለት የሪሶርስ ፎልደሮችን መመዝገብ ነው፤ አንደኛው ፊልተሪንግ የተፈቀደለት፣ ሁለተኛው የተከለከለበት። ሁለቱንም መጻፍዎን አይርሱ፤ በፖሙ ውስጥ አንድ የሪሶርስ ፎልደር በእጅ ከተመዘገበ ነባሩ በራሱ አይጨመርም።

5. ላይብረሪዎቹን ከነስኮፓቸው ይመዝግቡ።

ከኢንተርኔት ያወረዱትን ጃር በኢንቴሊጄ በኩል ብቻ ፕሮጀክቱ ላይ ማከል አይበቃም፤ ሜቨን የሚያውቀው በፖሙ «ዲፔንደንሲስ» ክፍል ውስጥ የተጻፈውን ነው። ፒዲኤፍቦክስን በዚህ መንገድ ሲመዘግቡት እርሱ ራሱ የሚፈልጋቸው ፎንትቦክስና ኮመንስ ሎጊንግ አብረው ይመጣሉ፤ እነርሱን ለይቶ መጻፍ አያስፈልግም። «ኤምቪኤን ዲፔንደንሲ:ትሪ» የሚለው ትእዛዝ ማን ማንን እንዳመጣ በዛፍ መልክ ያሳያል።

ስኮፑ ላይብረሪው የት ድረስ እንደሚሄድ ይወስናል። ምንም ካልተጻፈ «ኮምፓይል» ማለት ነው፣ እስከ ማሸጊያው ድረስ ይሄዳል። ኮድዎ በቀጥታ የማይጠራቸው የዳታቤዝ ድራይቨሮች «ራንታይም» ቢሆኑ መልካም ነው፤ በግንባታ ጊዜ ባይታዩም ወደ ማሸጊያው ይገባሉ። «ቴስት» ለሙከራ ብቻ ነው። «ፕሮቫይድድ» ደግሞ ላይብረሪውን ሰርቨሩ ያቀርባል ማለት ስለሆነ አይታሸግም፤ ለቶምካት የተጻፈ ምሳሌ ተቀድቶ በዴስክቶፕ ፕሮግራም ውስጥ ሲገባ ክላስ ጠፋ የሚል ስሕተት የሚመጣው ከዚህ ነው።

በሜቨን ሴንትራል ላይ የሌለ ጃር፣ ለምሳሌ ከማተሚያ መሣሪያ ጋር የተሰጠዎት፣ ካለ «ሲስተም» በሚለው ስኮፕ ከዲስክ አድራሻው ጋር አያገናኙት፤ በዚያ መንገድ የተጻፈ ላይብረሪ አይታሸግም። ይልቁንም «ኤምቪኤን ኢንስቶል:ኢንስቶል-ፋይል» በሚለው ትእዛዝ ፋይሉን፣ የቡድን ስሙን፣ የራሱን ስምና የእትም ቁጥሩን ሰጥተው በ«.ኤም2» ውስጥ ያስመዝግቡት፤ ከዚያ በኋላ እንደማንኛውም ላይብረሪ በፖሙ ይጻፋል።

6. የማሸጊያውን ዓይነት ይምረጡ።

ያለ ተጨማሪ ማዋቀር «ኤምቪኤን ፓኬጅ» የሚያወጣው ጃር የእርስዎን ክላሶችና ሪሶርሶች ብቻ ይይዛል፤ ላይብረሪዎቹ አይገቡበትም። የላይብረሪዎቹን ጃሮች እንዳሉ በጃሩ ውስጥ መክተትም መፍትሔ አይሆንም፤ የጃቫ መደበኛ ክላስ ሎደር በጃር ውስጥ ያለን ጃር ከፍቶ አያነብም። ስፕሪንግ ቡት ይህን የሚያደርገው የራሱን ክላስ ሎደር አብሮ ስለሚያሽግ ነው፤ ስለዚህ የስፕሪንግ ቡት ፕሮጀክት ያለው ሰው ከዚህ በታች ያሉትን ሁለት መንገዶች ትቶ የስፕሪንግ ቡትን ፕለጊን ይጠቀም።

የቀሩት መንገዶች ሁለት ናቸው፦ ላይብረሪዎቹን በ«ሊብ» ፎልደር ውስጥ ከጃሩ አጠገብ ማስቀመጥ፣ ወይም የሁሉንም ክላሶች ዘርግፎ በአንድ ትልቅ ጃር ማዋሐድ። በእኔ አስተያየት ፕሮግራሙን በየቅርንጫፉ ላሉ ኮምፒውተሮች የሚያድሱ ከሆነና ማደሻውን በቀጭን የኢንተርኔት መስመር የሚልኩ ከሆነ የመጀመሪያው ይሻላል። ላይብረሪዎቹ አንድ ጊዜ ከተላኩ በኋላ፣ እነርሱ እስካልተቀየሩ ድረስ፣ በእያንዳንዱ እድሳት የሚላከው የእርስዎ ትንሽ ጃር ብቻ ይሆናልና። እንደ ባውንሲ ካስል ያሉ የተፈረሙ የምስጢር መጻፊያ አቅራቢዎች ካሉበትም የግድ ይህን ይምረጡ፤ የኦራክል ጄዲኬ የአቅራቢውን ፊርማ ስለሚመረምር ተዘርግፎ የተዋሐደውን አይቀበለውም። ተጠቃሚው አንድ ፋይል ብቻ እንዲደርሰውና አንዱ ከሌላው እንዳይለይበት ከፈለጉ ደግሞ ሁለተኛውን ይያዙ።

7. በሊብ ፎልደር የሚያሽጉ ከሆነ፦

በፖሙ «ቢልድ» ክፍል፣ «ፕለጊንስ» ሥር ሁለት ፕለጊኖችን ያዋቅሩ። «ሜቨን-ዲፔንደንሲ-ፕለጊን» በ«ፓኬጅ» የግንባታ ምዕራፍ ላይ «ኮፒ-ዲፔንደንሲስ» የሚለውን ሥራ እንዲፈጽም፣ መድረሻውም በታርጌት ሥር ያለው «ሊብ» እንዲሆን ይንገሩት፤ «ኢንክሉድ ስኮፕ» የሚለውን «ራንታይም» ያድርጉት፣ አለዚያ የሙከራ ላይብረሪዎችም አብረው ይገለበጣሉ። ቀጥሎ «ሜቨን-ጃር-ፕለጊን» በማኒፌስቱ ላይ «አድ ክላስፓዝ» እውነት፣ «ክላስፓዝ ፕሪፊክስ» ደግሞ «ሊብ/» እንዲሆን ያዋቅሩ፤ በ«ሜይን ክላስ» ላይም ፕሮግራሙ የሚጀምርበትን ክላስ ከነሙሉ የፓኬጅ ስሙ ይጻፉ።

ማኒፌስቱን በእጅ ከመጻፍ ይህ የሚሻልበት ምክንያት አለው። በማኒፌስት ውስጥ አንድ መስመር ከ72 ባይት መብለጥ የለበትም፣ የሚቀጥለውም መስመር በባዶ ቦታ መጀመር አለበት፤ የላይብረሪዎቹ ዝርዝር ደግሞ ከዚህ በእጅጉ ይረዝማል። ሜቨን ይህን ሁሉ በትክክል ይከፋፍለዋል። ደንበኛው ጃሩንና የ«ሊብ» ፎልደሩን ጎን ለጎን ማስቀመጥ እንዳለበት ይንገሩት፤ አድራሻው የሚቆጠረው ተጠቃሚው ከቆመበት ፎልደር ሳይሆን ጃሩ ካለበት ቦታ ነው።

8. በአንድ ጃር የሚያሽጉ ከሆነ፦

«ሜቨን-ሼድ-ፕለጊን» የተባለውን በ«ፓኬጅ» ምዕራፍ ላይ «ሼድ» የሚለውን ሥራ እንዲፈጽም ያድርጉ። የእትም ቁጥሩን በግልጽ ይጻፉ፤ የቆየ የሼድ እትም በአዲስ ጃቫ የተጠናቀሩ ክላሶችን ማንበብ ተስኖት ይቆማል። ቀጥሎ የተዘረዘሩት ሦስት ነገሮች በማዋቀሪያው ውስጥ የግድ መኖር አለባቸው።

ሀ. «ማኒፌስት ሪሶርስ ትራንስፎርመር»። የመነሻው ክላስ የሚነገረው በዚህ ነው። ከሌለ ጃሩ ሁሉን ይዞ ሳለ ከየት እንደሚጀምር አያውቅም።

ለ. «ሰርቪስስ ሪሶርስ ትራንስፎርመር»። ብዙ ሰው የሚዘለው ይህ ነው፣ ጉዳቱም ከሁሉ የከፋ ነው። የዳታቤዝ ድራይቨሮች መኖራቸውን የሚያሳውቁት «ሜታ-ኢንፍ/ሰርቪስስ» በሚለው ፎልደር ውስጥ «ጃቫ.ኤስኪውኤል.ድራይቨር» በሚባል ፋይል የክላሳቸውን ስም ጽፈው ነው። የፋይሉ ስም በፖስትግሬስኪውኤልም በኤስኪውላይትም ጃር ውስጥ አንድ ዓይነት ነው። ሁለቱ በአንድ ጃር ሲዋሐዱ በዚያ አድራሻ ሊኖር የሚችለው አንድ ፋይል ስለሆነ የአንዱ ማስታወቂያ ይጠፋል። ክላሶቹ ሁሉ በጃሩ ውስጥ እያሉ ፕሮግራሙ ከአንዱ ዳታቤዝ ጋር በደንብ ይሠራል፣ ለሌላው ግን ተስማሚ ድራይቨር የለም ይላል። ይህ ትራንስፎርመር የሁለቱን ፋይሎች ይዘት በአንድ ላይ ይጽፋቸዋል። አንዳንዶች የድራይቨሩን ክላስ በ«ክላስ.ፎርኔም» በግድ በመጥራት ችግሩን ያልፉታል፤ ነገር ግን በዚያው መንገድ የጠፉ ሌሎች ማስታወቂያዎች ካሉ ሳይታወቁ ይቀራሉ።

ሐ. የፊርማ ፋይሎችን የሚያስወጣ ፊልተር። ከላይብረሪዎቹ አንዱ የተፈረመ ከሆነ በ«ሜታ-ኢንፍ» ውስጥ መጨረሻቸው ኤስኤፍ፣ ዲኤስኤ ወይም አርኤስኤ የሆኑ ፋይሎች ይኖሩታል። እነዚህ ወደ ትልቁ ጃር ከገቡ ጃቫ ፊርማው ከይዘቱ ጋር አልገጠመም ብሎ ፕሮግራሙን ገና ከመነሻው ያቆመዋል። በሁሉም ላይብረሪ ላይ የሚሠራ «ኤክስክሉድ» ጽፈው ሦስቱንም ያስወጧቸው።

ማስጠንቀቂያ፦ ሼድ ጃሩን ለማሳነስ «ሚኒማይዝ ጃር» የሚል አማራጭ አለው። በኮዱ ውስጥ በቀጥታ ያልተጠሩ ክላሶችን ስለሚያስወግድ፣ በስማቸው ብቻ የሚጫኑ ድራይቨሮችን ሊጥላቸው ይችላል። እንዲሁም የኤስኪውላይትን ፓኬጅ ስም በ«ሪሎኬሽን» አይቀይሩ፤ በሲ ቋንቋ የተጻፈው ክፍሉ ከጃቫው ጋር የሚገናኘው በፓኬጁ ስም ነው።

9. አጽድተው ይገንቡ።

በፕሮፐርቲስ ክፍል ውስጥ «ሜቨን.ኮምፓይለር.ሪሊስ» የሚለውን የደንበኛው ኮምፒውተር ባለው የጃቫ ቁጥር ይሙሉ፤ እርስዎ በ21 እየሠሩ ደንበኛው 17 ካለው 17 ይጻፉ። ከዚያ «ኤምቪኤን ክሊን ፓኬጅ» ይበሉ። «ክሊን» የሚለው ካልተጨመረ ከቀድሞ ግንባታ በ«ታርጌት/ክላስስ» ውስጥ የቀረ፣ እርስዎ ከምንጩ የሰረዙት ፋይል ወደ አዲሱ ጃር ሊገባ ይችላል። በሼድ ከሠሩ በታርጌት ውስጥ ሁለት ጃር ያገኛሉ፤ ስሙ «ኦሪጂናል» ብሎ የሚጀምረው ላይብረሪ የሌለበት ስለሆነ ለደንበኛ የሚሰጠው ሌላኛው ነው።

10. ጃሩን ከፍተው ይዩ።

ከመላክዎ በፊት «ጃር ቲኤፍ» ብለው የጃሩን ስም አስከትለው ዝርዝሩን ያውጡ። ፎንቱ፣ ምስሉና የመልእክት ፋይሉ በኮድዎ ውስጥ በጻፉት አድራሻ፣ በዚያው የፊደል መጠን መኖራቸውን ዓይን በዓይን ያመሳክሩ። ቀጥሎ ወደ አንድ ባዶ ፎልደር ገብተው በ«ጃር ኤክስኤፍ» ማኒፌስቱን ብቻ ያውጡና በጽሑፍ አርታዒ ይክፈቱት፤ የመነሻው ክላስ ስም መጻፉን፣ በሊብ መንገድ ከሠሩም የላይብረሪዎቹ ዝርዝር መኖሩን ይመልከቱ። በአንድ ጃር ካሸጉ የድራይቨሮቹን የማስታወቂያ ፋይል በዚሁ መንገድ አውጥተው ሁለቱም ስሞች መስፈራቸውን ያረጋግጡ። የፎንቱን መጠንም ከዋናው ፋይል ጋር ያነጻጽሩ፤ ልዩነት ካለ ፊልተሪንግ ነክቶታል ማለት ነው።

11. ከፕሮጀክቱ ውጭ ያስነሡት።

ጃሩን፣ ካለም የሊብ ፎልደሩን፣ ወደ ሌላ ኮምፒውተር ወይም ወደ ባዶ ፎልደር ገልብጠው ከዚያ ሆነው «ጃቫ -ጃር» በሚለው ትእዛዝ ያስነሡት። ሁለት ጊዜ ጠቅ አድርጎ መክፈት ለሙከራ አይሆንም፤ ስሕተት ቢመጣ መልእክቱን የሚያዩበት ቦታ የለም። መስኮቱ በመከፈቱ ብቻ አይርኩ። አንድ የአማርኛ ደረሰኝ አዘጋጅተው ፒዲኤፉን ይክፈቱ፣ ከሁለቱም ዳታቤዞች ጋር ያገናኙት፤ የጎደለ ሪሶርስ የሚታወቀው የሚጠራበት ቦታ ላይ ሲደረስ ነውና።

ግሬድል ለሚጠቀሙ

የሪሶርስ ፎልደሩ፣ የንባቡ ሥርዓትና የኢንኮዲንጉ ጥንቃቄ አይለወጥም። በስኮፕ ፋንታ «ኢምፕሊመንቴሽን»፣ «ራንታይም ኦንሊ» እና «ኮምፓይል ኦንሊ» አሉ፤ የመጨረሻው እንደ ፕሮቫይድድ አይታሸግም። በሊብ መንገድ ለማሸግ «አፕሊኬሽን» የሚለውን ፕለጊን አክለው «ኢንስቶል ዲስት» ብለው ይዘዙት፤ ላይብረሪዎቹንና ማስነሻ ፋይሉን በ«ቢልድ/ኢንስቶል» ሥር አዘጋጅቶ ያስቀምጣል። በአንድ ጃር ለማዋሐድ «ሻዶው» የተባለው ፕለጊን አለ፤ ትእዛዙ «ሻዶው ጃር» ሲሆን፣ በማዋቀሪያው ውስጥ «መርጅ ሰርቪስ ፋይልስ» የሚለውን ይጨምሩ። በየቦታው የሚገኘውና የሁሉንም ጃር ይዘት በ«ዚፕ ትሪ» የሚያዋሕደው አጭር ኮድ የማስታወቂያ ፋይሎችን አያዋሕድም፤ አንድ ስም ሁለት ጊዜ ሲያጋጥመው ስሕተት ይሰጣል፣ ሰዎችም «ኤክስክሉድ» ብለው ዝም ያሰኙታል፣ ድራይቨሩም በዚያው ይጠፋል።

ብዙ ጊዜ የሚያጋጥሙ ስሕተቶች

- «ኖ ሜይን ማኒፌስት አትሪቢዩት»፦ በማኒፌስቱ ላይ የመነሻው ክላስ አልተጻፈም፤ ወይም «ኦሪጂናል» የሚለውን ጃር ነው ያስነሡት።
- «ኖ ክላስ ዴፍ ፋውንድ ኤረር»፦ የተጠቀሰው ክላስ የላይብረሪ ከሆነ ላይብረሪው አልታሸገም። በመጀመሪያ ስኮፑን፣ ቀጥሎ የሊብ ፎልደሩን ቦታ ይመልከቱ። በ«-ሲፒ» ላይብረሪውን ለመጨመር አይሞክሩ፤ «-ጃር» ባለበት ትእዛዝ ውስጥ ጃቫ ያንን አይመለከተውም።
- «ነል ፖይንተር ኤክሴፕሽን» ሪሶርስ በሚነበብበት መስመር ላይ፦ «ጌት ሪሶርስ አዝ ስትሪም» ፋይሉን ሲያጣ ስሕተት ሳይሆን ባዶ (ነል) ነው የሚመልሰው። እዝባሩንና የፊደሉን መጠን ያመሳክሩ፤ በኮድዎ ውስጥም ባዶ መሆኑን መርምሮ የጠፋውን ፋይል ስም የሚናገር መልእክት ይጨምሩ።
- «ዩአርአይ ኢዝ ኖት ሃይራርኪካል»፦ የሪሶርሱን አድራሻ ወደ ፋይል ለመለወጥ ሞክረዋል። ወደ ደረጃ 2 ይመለሱ።
- «ኢንቫሊድ ሲግኔቸር ፋይል ዳይጀስት»፦ የፊርማ ፋይሎች ወደ ትልቁ ጃር ገብተዋል።
- «ኖ ሱተብል ድራይቨር»፦ የሰርቪስስ ፋይሎች አልተዋሐዱም። ፋይሉ ሁለቱንም ስሞች ከያዘ ደግሞ ችግሩ የዳታቤዙ አድራሻ በተሳሳተ መነሻ መጻፉ ነው።
- «አንሰፖርትድ ክላስ ቨርዥን ኤረር»፦ ጃሩ ከደንበኛው ጃቫ በበለጠ እትም ተገንብቷል። በመልእክቱ ውስጥ ያለው ቁጥር የትኛው እንደሆነ ይናገራል፤ 52 ጃቫ 8ን፣ 55 ጃቫ 11ን፣ 61 ጃቫ 17ን፣ 65 ጃቫ 21ን ያመለክታል። የእርስዎ ክላስ ሳይሆን የላይብረሪ ክላስ ከተጠቀሰ ግን የእርስዎን ሪሊስ ዝቅ ማድረግ አይረዳም፤ ለደንበኛው ጃቫ የሚስማማውን የላይብረሪ እትም መርጠው በፖሙ ይተኩት።